እበት ለመሻረክ ብለን መተማ የወረድን ጊዜ

ከሁሉ በፊት የተበደልነውን ልናገር፤ መንገዱን ከዚያ በኋላ እተርካለሁ።

እኔ ሁለት ላሞች አሉኝ። አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ጥሩዬ አንዲት ላምና አንዲት ጊደር አላት። ከእሷ ቀጥላ ያለችው በላይነሽ ያላት አንዲት ላም ብቻ ናት። የሦስታችንም ባሎች ሞተዋል። መንደራችን ከአይከል ወጣ ብላ የምትገኝ ደጋ ናት። እንጨት ከጠፋባት ቆይቷል፤ የምንማግደው ኩበት ነው። ኩበቱን ስናነደው ደግሞ ለመሬቱ የሚቀርለት የለም። የበላይነሽ ዓይን በጭስ ብዛት ጠዋትም ማታም እንዳለቀሰ ነው።

አምና ሙሉቀን የሚባል ወጣት ባለሙያ ወደ ቀበሌያችን መጥቶ ስለ ባዮጋዝ ነገረን። እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ከመሬት በታች በተገነባ ጉድጓድ ይገባል። እዚያ ታፍኖ ሲብላላ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በቱቦ መጥቶ ምድጃ ላይ ያለ ጭስ ይነዳል። የተብላላው ዝቃጭ ደግሞ ወጥቶ ለማሳ ይሆናል። ሰምተን እልል አልን። እልልታችን ሳያልቅ “አራት ከብት ለሌለው አይሠራም” አለ። እኛ አንድ ላይ አምስት አለን፤ እንሻረክና ለሦስታችን አንድ ሥራልን አልነው።

“በሽርክ ክልክል ነው” አለ።

“ማነው የከለከለው?”

“የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፣ እናቴ። ዕውቀቱን ያመጡት እነሱ ናቸው።”

ብዙም ሳይቆይ የከብት በረት ላለው ለአንድ ጎረቤታችን ተቆፍሮ ተገነባለት። ደስ ይበለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ብዙ ላለው ተጨመረለት፣ ጥቂት ያለን ተከለከልን፤ የከለከለንን ሰው ደግሞ ፊቱን እንኳ አላየነውም። በደል የምለው ይኸን ነው። እኛ ሦስታችን ወተት እንሻረካለን። የአንዲት ላም ወተት ለመናጥ ስለማይበቃ፣ ዛሬ የሦስታችን ወተት ለአንዷ ይሰጣል፣ ሌላ ቀን ለሌላዋ፤ እንዲህ እየዞረ ሁላችንም ቅቤ እናወጣለን። ወተቱን ስንሻረክ ማንም ምንም አላለን። እበቱን ስንሻረክ ነው ዓለም የሚቆጣው?

በመጋቢት ሙሉቀን ከኔፓል አገር ባለሙያዎች ወደ መተማ እንደሚመጡ፣ የቆላውን ጉድጓዶች አይተው የአገራቸውን ልምድ እንደሚያካፍሉ ሲያወራ ሰማሁት።

“የከለከሉን እነሱ ናቸው?” አልኩት።

ትንሽ አሰበና “ከእነሱ ወገን ናቸው” አለ።

“እንግዲያ እኔም እወርዳለሁ።”

“እናቴ፣ በጥሪ ነው እኮ።”

“ጥሪ የሚያስፈልገው ለድግስ ነው፤ ለጥያቄ አይደለም።”

ግንበኞቹ ከክረምት በፊት ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳሉ ተብሏል። የምንጠይቀውን አሁን ካልጠየቅን አለቀ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያየሁትን ለመጻፍ ግን ይበቃኛል። የምጽፈውም መተማን አይተው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማያዩ ለአገሬ ሴቶች ነው።

ማክሰኞ

እኔና ጥሩዬ ልንሄድ፣ በላይነሽ የሁላችንንም ከብት ልትጠብቅ ሆነ። የቆላ ፀሐይና አቧራ ለዓይኗ አይሆንም ብለን የወሰንነው እኛ ነን።

ጥሩዬ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ኩበት ይዛ መጣች። ከሁሉ የደረቀውን፣ የሳሳውን፣ ክቡን መርጣ ነው የሞላችው።

“ይኼ ለምንድን ነው?” አልኳት።

“አያምኑንም እኮ፣ እማማ። እበት እንዳለን በዓይናቸው ይዩ።”

ነገሩ ልክ መሰለኝ። ልብስ ሸክፈን፣ ለምናርፍበት ቤት ባለቤቶች ጎመን ዘርና ነጭ ሽንኩርት ይዘን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውለን አረጋግጠን ከአይከል ሚኒባስ ተሳፈርን። ኩበቱ ጣሪያ ላይ ተጫነ።

ስንነሣ ጋቢ ለብሰን ነበር። ሰራባን አልፈን ወደ ነጋዴ ባሕር ስናሽቆለቁል ጋቢው ከትከሻ ወደ ጭን ወረደ፤ ቀጥሎ ነጠላውም ከበደን። የእኛ አገር ነፋስ ፊት ይቆነጥጣል። የቆላው ነፋስ ግን ድስት ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመጣው ዓይነት ነው። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ጥሎ ቆሟል። ሣሩ ነጭ ሁኗል። የሰሊጥ ማሳዎቹ ከታጨዱ ወራት አልፏቸው እስከ ዓይን ጥግ ባዶ ናቸው። እኛ አገር ይኼን ያህል መሬት ቢኖር በወንድማማቾች መካከል ስንት ክስ ይነሣበት ነበር!

አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ወጣት ወታደር የእኛን ማዳበሪያ አወረደው።

“የማን ነው?”

“የእኛ” አልን።

“ምንድን ነው?”

“ኩበት።”

“ከሥሩስ?”

“ከሥሩም ኩበት ነው።”

አላመነም። አንድ በአንድ እያወጣ መንገድ ዳር ደረደረው። እያንዳንዱን እያገላበጠ፣ አንዱንም ሰብሮ አየ። ሲጨርስ ግራ ገብቶት ቆመ። “እናቴ፣ እንጨት ወደሞላበት አገር ኩበት የሚጭን ሰው አይቼ አላውቅም።”

“ለፈረንጅ ነው” አለች ጥሩዬ።

ሚኒባሱ በሙሉ በሳቅ አለቀ። ወታደሩም አልቻለም፤ እየሳቀ ራሱ መልሶ ከተተልን፤ ለሰበረውም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ረዳቱ ስማችንን ለወጠው። ገንዳ ውሃ ሲደርስ “ኩበቶች ወራጅ ናችሁ?” ይላል፤ ኮኪት ሲደርስ “ኩበቶች ውሃ ጠማችሁ?” ይላል። ውሃውን ግን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ሰጠን።

መተማ ዮሐንስ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። የምናርፈው ዘሃራ ቤት ነው። ዘሃራ አይከል የተወለደች፣ ከታናሽ እህቴ ጋር አብራ ያደገች ናት። ባሏ ሐጂ እህል የሚነግዱ፣ ከብትም የሚያደልቡ ሰው ናቸው። በራቸው ላይ ዚር የሚሉት ትልቅ የሸክላ ማሰሮ በውሃ ተሞልቶ፣ ጣሳ ተደፍቶበት ተቀምጧል። ማንም አላፊ አግዳሚ ይጠጣል። ልማዱ ከሱዳኖቹ የመጣ ነው አሉኝ። እኛ አገር ሰው የሚጠጣው ደጅ ከመታና “ቤቶች” ካለ በኋላ ነው። እዚህ ማንንም ሳይለምን ጠጥቶ ያልፋል። ይኼን ወደድኩት።

ወቅቱ የእኛ ሁዳዴና የሙስሊሞች ረመዳን የተገናኙበት ነበር። ሲያፈጥሩ አብረን ቀረብን። እኛ ተምር፣ ምስርና ሰላጣ በላን፤ ካርካዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ ሻይ ጠጣን። ጥሩዬ ምስሩን ከመጉረሷ በፊት አየችውና ዝቅ ባለ ድምፅ “እማማ፣ ይኼ የተሠራው በባዮጋዙ ነው አይደል? ከላም የወጣ እሳት አያስፈስክም?” አለችኝ።

ሐጂ ሰሟት። “ልጄ፣ ኩበቱስ እስከ ዛሬ ከምን ነበር የሚወጣው?” አሏት።

ጥሩዬ ጎረሰች። ሐጂም ቀጥለው፣ ጉድጓዱ የተሠራላቸው ጊዜ እሳቸውም እሳቱ ነጃሳ፣ ርኩስ ማለት ነው፣ እንዳይሆን ፈርተው ሸኻቸውን ጠይቀው እንደነበር ነገሩን። ሸኹ ምን እንዳሉ ስንጠይቃቸው፣ “‘ሻይ አፍላበትና ጥራኝ’ አሉኝ” አሉ።

የተኛነው ግቢ ውስጥ፣ አንገረብ በሚባል የጠፍር አልጋ ላይ ነው። እኛ አገር ውጭ የሚያድር ሰው ወይ ጠባቂ ነው ወይ ሚስቱ ያባረረችው። እዚህ ቤት ውስጥ የሚተኛው ነው የሚታዘንለት።

ረቡዕ

እንግዶቹ ይመጣሉ የተባለው ዛሬ ነበር። መኪናቸው ሸህዲ አካባቢ ተበላሽቶ ለነገ ተላለፈ። ሙሉቀን ሊነግረን መጣ። እኔን ሲያይ ፊቱ ትንሽ ወደቀ፤ ለሰላምታው ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። አስተዳደጉ ጥሩ ነው፤ ይኼንንም መጻፍ አለብኝ።

ቀኑን ሙሉ የዘሃራን ጉድጓድ አየሁት። ሰንጋዎቹ ከታሰሩበት በታች ክብ መክተቻ አለ፤ እዚያ እበቱን በውሃ ይበጠብጡታል። ጉድጓዱ ራሱ አይታይም፤ ላዩ አፈር ለብሷል፤ ሰው ይረግጠዋል። በወዲያኛው በኩል ዝቃጩ ይወጣል። እንደ እበት አይሸትም፣ ዝንብም አይወርረው። በእሱ ያደጉት ማንጎዎች ጥላቸው ግቢውን አልብሶታል። ዘሃራ የምድጃውን ቁልፍ አዙራ ክብሪት ስትጭር ሰማያዊ እሳት ፍም ሳይኖረው ተነሣ። አጎንብሼ አሸተትኩ። ጭስ የለውም። በላይነሽን አሰብኩ።

“ይኼን ያህል ይነዳል እንዴ?” አልኳት።

“ሙቀቱ ነው፣ እማማ። ጉድጓዱ ሙቀት ይወዳል። እናንተ ዘንድ በክረምት ይሰንፋል አሉ።”

“እንግዲያ ቆላ ተሻለ።”

“በእሳቱ ተሻለ። ውሃውን ደግሞ ይዩት።” ወደ በሩ አሳየችኝ። አህያ የሚጎትተው የውሃ ጋሪ ቆሟል። እበት ባገኙ ቁጥር ያንኑ ያህል ውሃ መስጠት አለባቸው፤ በዚህ ወር ውሃው የሚመጣው በግዢ ነው። እኛ ምንጩ ከበታቻችን ነው፤ ወርደን እንቀዳለን። ሁሉም አገር የጎደለው አለው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዘሃራ ለእኛ ብቻ ሽሮ ሠርታ አቀረበች። እሷ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ በዚያ ሙቀት ቆማ መሥራቷ አሳፈረኝ። ጎረስኩ። ጨው አልነበረውም። ጥሩዬም ጎረሰችና አየችኝ። እንዳለ በላነው።

ዘሃራ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀኝ ናት። “ጨው ረስቻለሁ አይደል? መቅመስ አልችልም እኮ!” አለችና ሳቀች። ከዚያ በኋላ እኔ እየቀመስኩ “ጨምሪ”፣ “ይበቃል” እያልኩ የእነሱንም ማፍጠሪያ አብረን ሠራን። በአፌ የጾመኞቹን ወጥ አጣፈጥኩ። የእኔም ጾም ሰዓቱ ወጥቶ ስለነበር ሁላችንም ጾማችንን ሳናጎድል ቀረን።

በጓሮ ባለችው ክፍል ኢህሳን የምትባል ሱዳናዊት ትኖራለች። በአገሯ የእርሻ መምህርት ነበረች፤ ጦርነቱ ሲመጣ ከእናቷ ጋር ድንበሩን ተሻግራ መጣች። አማርኛ ገና አልያዘችም፤ እንግሊዝኛ ግን ታውቃለች። ከዘሃራ ጋር በዓረብኛ ያወራሉ። እሷም ስለ ጉድጓዱ ትጠይቃለች፤ አገሯ ስትመለስ ልትሠራው ነው። “ስትመለስ” ስትል ነው የሰማኋት፤ “ብመለስ” አላለችም።

ወደ በላይነሽ ደወልን። ስልክ ስታነሣ ሁልጊዜ ከገደል ማዶ ያለን ሰው እንደምትጠራ ነው።

“ትልቋ ላምሽ አጥሬን ጥሳ ገባች!”

“እሰሪያት!”

“አሰርኳት! ገመዱን በጠሰች! እንዳሳደግሻት ናት! እበቱን እያጠራቀምኩ ነው፤ ምን አሉ?”

“ገና አልመጡም።”

“ታዲያ ምን ትሠራላችሁ?” አለችና ዘጋችው።

ሐሙስ

ስብሰባው የተጠራበት አዳራሽ እንደ ምጣድ ግሎ ስለነበር ሰዉ ሁሉ ወደ ሐጂ ግቢ ተዛወረና ማንጎው ሥር ተቀመጠ። ገበሬ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ከሽንፋ ድረስ የመጡ ነበሩ። ከኔፓል እንግዶች የምትናገረው አንዲት ሴት ናት ተባለ።

ጥሩዬ አንገቷን አስግጋ “ፈረንጇ የታለች?” አለች።

“ያቻት።”

“ይቺማ የእኛው ሰው ናት!”

እውነቷን ነው። ሱኒታ ይሏታል። አጭር፣ ጠይም፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጎነጎነች፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሴት ናት። ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እሷ ትናገራለች፣ ሙሉቀን ይተረጉማል። አገራቸው ተራራማ መሆኑን፣ እዚያም ሴቶች እንጨት ፍለጋ ገደል ይገቡ እንደነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች እንደተሰነጠቁባቸውና ከስንጥቁ እንደተማሩ ነገረችን። ወንዶቹ ስለ ሲሚንቶና ስለ ሰሊጥ አገዳ ጠየቁ። መለሰች። ከዚያ እኔ ተነሣሁ።

“ጥያቄ አለኝ። ሙሉቀን ግን አይተረጉምልኝም።”

“ለምን፣ እናቴ?” አለ ሙሉቀን።

“የምጠይቀው አንተ ያልከውን ነው። ባለጉዳይ አስተርጓሚ አይሆንም።”

“አታምኑኝም ማለት ነው?”

“አምኜህ ነበር። አሁን ላጣራ ነው።”

ፊቱ ቀላ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “ልክ ናቸው፤ ሽማግሌም ቢሆን በራሱ ነገር አይዳኝም” አሉ። እንግዲህ ማን ይተርጉም? ዘሃራ ኢህሳንን ጠራቻት። እኔ በአማርኛ ለዘሃራ፣ ዘሃራ በዓረብኛ ለኢህሳን፣ ኢህሳን በእንግሊዝኛ ለሱኒታ እንድትነግር ተስማማን። ሦስቱ በአንድ ረድፍ ተቀመጡ፤ ሙሉቀን ከኋላ ቆመ።

የሦስታችንን ከብት ተናገርኩ። ወተት እንደምንሻረክ ተናገርኩ። “ብዙ ላለው ተጨመረለት፣ ጥቂት ያለን ተከለከልን” አልኩ። ከዚያም፣ “በሽርክ ክልክል ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ ወይ? ካላችሁስ የማንን ላም አይታችሁ ነው?”

ዘሃራ “የመጨረሻውን አላስተላልፍም፣ እንግዳ ናት” አለችኝ።

“ዘሃራ! እንዳለ!”

አስተላለፈች። ኢህሳንም ትንሽ አፍራ አስተላለፈች። ሱኒታ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያም መልሷ በሁለቱ ሴቶች አፍ ተመልሶ መጣ፦

“ክልክል ነው አላልንም። ብዙዎቹ ፈረሱ ነው ያልነው።”

“እሱን ነው እኔም የሰማሁት!” አለ ሙሉቀን ከኋላ።

“የሰማኸውንማ ብትነግረን መልካም ነበር” አልኩት። “መፍረስና ክልክል መሆን አንድ ነው?”

ሱኒታ እጇን አነሣች። የእናቷ መንደር አምስት ቤቶች አንድ ጉድጓድ ተሻርከው ነበር። እሷ ራሷ ነች ያሠራችው። የአንዷ ልጅ ሠርግ ሲሆን እሳቱን ለሳምንት ያዘችው፤ ሌሎቹ አኮረፉ፤ እበት ማምጣት ተዉ፤ ጉድጓዱ ደረቀ። ዛሬ ፍየል ይታሰርበታል። “የፈረሰው እበት አንሶት አይደለም፣ ኩርፊያ በዝቶበት ነው” አለች። ከዚያ ዓይኔን አየችና ጠየቀችኝ፤ ዘሃራ ስትተረጉመው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“‘የእናንተ ምድጃ በማን ቤት ይሆናል?’ ትላለች።”

“በእኔ ነዋ!” አልኩ።

ጥሩዬ ከጎኔ ዞረች። “በአንቱ? ማን አለ?”

“ላሙ የሚበዛው የእኔ አይደል?”

ከዚያ ከሽንፋ የመጣ አንድ ገበሬ፣ ሰፊ አፍ ያለው ሰው፣ “ኧረ እማማ! ‘ብዙ ላለው ተጨመረለት’ ብለው የከሰሱት አሁን አይደለም እንዴ?” አለ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጥሩዬም አልሳቀችም፤ “እኔ ድስቴን ተሸክሜ ደጅዎ ልቆም ኖሯል ኩበት ተሸክሜ እዚህ የመጣሁት?” አለችኝ።

ያልሳቀችው ሌላዋ ሱኒታ ነበረች። አንዱ ሽርክ እንዳልፈረሰ ነገረችን። ለምን እንዳልፈረሰ በእርግጥ አታውቅም፤ እሷ የምትገምተው ግን የምድጃውን ቁልፍ የያዘችው ከሁሉ ያነሰ ከብት ያላት ሴት ስለነበረች ነው። ብዙ እበት የምታመጣው ቁልፍ የላትም፤ ቁልፍ ያላት ብዙ እበት የላትም፤ አንዷ ያለ ሌላዋ አትችልም። “ግን ይኼ የእኛ አገር ነው” አለች። “የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ።”

ስብሰባው ሲበተን ጥሩዬ፣ እኔን ሳታናግር፣ ማዳበሪያዋን እየጎተተች ሄዳ ሱኒታ እግር ሥር አፈሰሰችው። ሱኒታ አንዱን አንሥታ አየችና በኢህሳንና በዘሃራ በኩል፣ ለጉድጓዱ የሚሆነው ትኩስ እበት እንጂ የደረቀ እንዳልሆነ ነገረቻት። ያን ሁሉ መንገድ የተሸከምነው ለጉድጓዱ የማይጠቅም ነው! ጥሩዬ ልታለቅስ ደረሰች። ሱኒታ ግን ኩበቱን አልጣለችም። በላዩ የጥሩዬ አምስት ጣቶች ታትመዋል፤ ስትጠፈጥፈው የቀሩ ናቸው። ሱኒታ የራሷን ጣቶች በእነዚያ ላይ አኖረች። ልክ ገጠሙ። “እናቴም እንዲህ ነው የምትሠራው” አለች። ለመውሰድ ለመነቻት፤ ጥሩዬ ከሁሉ ክቡን መርጣ ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ወደ በላይነሽ ደወልኩ።

“ተፈቀደ ወይስ አልተፈቀደም?” ብላ ጮኸች።

“ክልክል አይደለም አሉ። ምድጃው የት ይሁን የሚል ነገር ተነሥቶ ነው…”

“እና እናንተ የት አላችሁ?”

“እኔ በእኔ ቤት ብዬ ነበር። ጥሩዬ ተቆጣች።”

በላይነሽ ስልክ ላይ ዝግ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን በቀስታ፣ “እኔን ማን ጠየቀኝ?” አለች። ኔትወርኩ ይቆረጥ፣ እሷ ትዝጋው አላወቅሁም።

ዓርብ

ዘሃራ በጠዋት ተነሥታ ካርካዴና ተምር ቋጠረችልን፤ ለበላይነሽ ለብቻ ቋጠረች። ስማችን “ኩበቶች” እንደሆነ ከተማው ሁሉ ሰምቶ ኖሮ የባጃጁ ነጂም በዚሁ ስም ተሰናበተን። ኢህሳን እስከ መናኸሪያው ሸኘችን። አማርኛ ተምራ “ደህና ግቡ” አለችኝ። እኔም ዓረብኛ ባላውቅም ግንባሯን ስሜ፣ አገሯ በሰላም እንድትገባ በአማርኛ መረቅኋት። እሷ “አሚን” አለች፤ ይኼኛው መተርጎም አላስፈለገውም።

ጥሩዬ አሁንም ከእኔ ጋር በሙሉ አፏ አልተነጋገረችም። መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ እኔ ከጎኗ። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ሙሉቀን ገባና ከፊታችን ያለውን ወንበር ያዘ። ኮኪትን እስክናልፍ ዞር አላለም። እኔም አልጠራሁትም። በሰው ፊት አሳፍሬዋለሁ፤ ማሳፈሬ ልክ ነበር፤ ግን ልክ መሆኑ ለእሱ አይቀለውም።

ገንዳ ውሃ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር፣ ዞረ።

“እናቴ፣ ዋሽቻችኋለሁ ብዬ አላስብም” አለ። “የፈረሱትን ብዛት ሲነግሩን ፈራሁ። የእናንተም ቢፈርስ ‘የሙሉቀን ጉድጓድ ፈረሰ’ ነው የሚባለው። ስለዚህ ክልክል ነው ብል አጠር ይላል ብዬ ነው።”

“ለማን ነው የሚያጥረው?” አልኩት።

“ለእኔ።”

እውነት ሲናገር ደስ አለኝ። “ያልከኝን እጽፈዋለሁ” አልኩት።

“ይጻፉት። ስሜን ግን ከጉልበት መሳሜ ጋር ይጻፉልኝ።”

ጥሩዬ ሳትፈልግ ሳቀች። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ደጋው ሲቀርብ ጋቢውን አውጥቼ ለሁለታችን አለበስኩ፤ አልገፋችውም።

“ድስትሽን ተሸክመሽ ደጄ አትቆሚም” አልኳት።

“አንቱም የእኔ ደጅ አይቆሙም” አለች። “ግን የት ይሁን?”

እዚያው ሁለታችን ተከራከርን። እሷ በአጥራችን መካከል ይሁን አለች። እኔ ለከብቶቹ ቅርብ ይሁን አልኩ። እሷ ለከብቶቹ ቅርብ ማለት የእኔ ግቢ ማለት እንደሆነ አወቀች። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አስተያየት ሰጠ፤ አንዱ በዕጣ ይሁን አለ፣ ሌላዋ ቄስ ይጠየቅ አለች። አይከል ስንደርስ አልተስማማንም ነበር።

ከሚኒባሱ ወርደን ሙሉቀንን አስቆምኩት። “አንድ ነገር በግልጽ ንገረኝ” አልኩት። “ከክረምት በፊት ለእኛ ለሦስታችን ትሠራለህ ወይስ አትሠራም? ክልክል ነው ወይስ አይደለም?”

ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ።

“ክልክል አይደለም” አለ። “ግንበኞቹን ይዤ እመጣለሁ። ምድጃው የት እንደሚሆን ግን ከአንቱም አልሰማም፣ ከጥሩዬም አልሰማም። እናንተ መተማ ወርዳችሁ ስትከራከሩ፣ ከብቶቻችሁን ስትጠብቅና እበታችሁን ስታጠራቅም የሰነበተችው አንዲት ላም ብቻ ያላት በላይነሽ ናት። እሷ በእጇ ባሳየችኝ ቦታ ላይ እሠራለሁ።”